«ኒሁል ልማር» ሲሉን ምን ማለታቸው ነው?

በዚህ እትም የምንማረው ስለ አንድ ቃል ነው። ሠራዊት ጨርሶ የወጣ ልጃችሁን ወይም የልጅ ልጃችሁን «ምን ልትማር አሰብክ?» ስትሉት «እንጃ፣ ኒሁል ይሆናል» ብሎ ይመልስላችኋል። ኒሁል ማለት አስተዳደር፣ ማኔጅመንት ነው። አንዱ ወላጅ ይህን ሲሰማ «ልጄ መናሄል ሊሆን ነው!» ብሎ ደስ ይለዋል። ሌላው «ነርስ ወይም ጠበቃ ብትሆን ምን አለበት? ይሄ ደግሞ ምን የሚሉት ሙያ ነው?» ይላል። ለመደሰትም ለመቆጣትም መጀመሪያ ቃሉን እንወቀው።

ሥራው ለእናንተ አዲስ አይደለም። አገር ቤት ሠርግ ሲደገስ ስንት እንግዳ እንደሚመጣ አስቀድሞ ይታሰባል፣ ጌሾው የሚወቀጥበትና ጠላው የሚጠነሰስበት ቀን ይቆረጣል፣ እንጨት የሚፈልጠውና ውሃ የምትቀዳው ይለያሉ፣ አንድ ሰው ደግሞ እየዞረ የጎደለውን ያያል። (እኔ የተወለድኩት እዚህ ስለሆነ የምናገረው ከእናቴ የሰማሁትን ነው።) በ1916 አንሪ ፋዮል የሚባል ፈረንሳዊ የማዕድን መሐንዲስ የአስተዳዳሪን ሥራ በአምስት ከፍሎ ጻፈው፦ ማቀድ፣ ማደራጀት፣ ማዘዝ፣ ማስተባበር፣ መቆጣጠር። የሠርጉ ቤት እናቶች ፋዮልን ሳያነቡ አምስቱንም ያውቁታል ማለት ነው።

ታዲያ ችግሩ የት ነው? ኒሁል አንድ ሙያ አይደለም። ነርስ፣ ጠበቃ፣ የሒሳብ አዋቂ፣ እንደ እኔ ኦቬድ ሶትሲያሊ የሚሆን ሰው በሕግ የታወቀ ፈቃድ ወይም ምዝገባ አለው፤ ሲጨርስ ስሙ ከሥራው ጋር ይጠራል። ኒሁል የተማረ ግን ዲግሪውን በተቀበለ ማግስት መናሄል አይሆንም። አብዛኛው ከታች ይጀምራል፦ በሠራተኞች ክፍል ጸሐፊ፣ በመጋዘን የዕቃ ተቆጣጣሪ፣ በባንክ የደንበኞች አገልጋይ ሆኖ። ይህን አስቀድማችሁ ካወቃችሁ በኋላ «ሦስት ዓመት ተምረህ ይሄው ነው?» ብላችሁ ልጁን አታሳፍሩትም።

ስለዚህ «መናሄል ትሆናለህ ወይ?» ከማለት «ምን ማስተዳደር ትወዳለህ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ሰው ማነጋገርና ማስታረቅ የሚወድ ልጅ ማሽአቤ ኤኖሽን፣ ማለትም የሠራተኞችን ጉዳይ፣ ያስብ። በሠራዊት ውስጥ ዕቃ ሲያከፋፍልና ሲያጓጉዝ የቆየ ሎጂስቲካ ይቀርበዋል። ቁጥር የሚወድ ዝምተኛ ልጅ ኢኮኖሚና ኒሁልን አንድ ላይ ሊማር ይችላል። በሆስፒታልና በኩፓት ኾሊም መሥራት ለሚፈልግ የጤና ተቋማት አስተዳደር አለ፤ በከተማ አስተዳደርና በመንግሥት መሥሪያ ቤት ለሚፈልግ ደግሞ ሚንሃል ጺቡሪ። በእኔ አስተያየት ገና ያልወሰነ ልጅ ኒሁልን ብቻውን ከሚማር ከሌላ ትምህርት ጋር ቢያጣምረው ይሻለዋል፤ ሐሳቡን ቢቀይር ሁለተኛው ይቀረዋል።

ልጁ «አላውቅም» ሲል ሰነፍ አትበሉት። በሠራዊት ሲታዘዝ የኖረ ወጣት በአንድ ጊዜ ምረጥ ሲባል ግራ ቢገባው አይፈረድበትም። ሳይወስን መሞከርም ይችላል። ኡኒቨርሲታ ፕቱኻ ለመጀመሪያ ዲግሪ ያለ ባግሩትና ያለ ፕሲኮሜትሪ ይቀበላል፤ አንድ ኮርስ ብቻ ወስዶ ትምህርቱ ይስማማው እንደሆነ ማየት ይቻላል።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ፤ ብዙ ቤተሰብ የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። መንግሥት በጀት በሚሰጣቸው ዩኒቨርሲቲዎችና ሚክላላዎች የመጀመሪያ ዲግሪ ክፍያ በዓመት ከ10 ሺህ ሸቀል ከፍ ይላል። በግል ሚክላላ ግን እጥፍና ከዚያም በላይ ነው። አንዳንድ ማስታወቂያ ደግሞ «ኒሁል» እያለ የሚሸጠው ዲግሪ ሳይሆን የኮርስ ተዑዳ ነው። ተዑዳ መጥፎ ነው አልልም፤ ግን ዲግሪ መስሏችሁ አትክፈሉ። «ይሄ ትምህርት በማላግ የታወቀ ቶአር ነው?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። ማላግ የከፍተኛ ትምህርት ምክር ቤት ነው። ልጁ ከሠራዊት ሲወጣ የተሰጠው ፒካዶን ለትምህርትም ሊውል የሚችል ገንዘብ ነው፤ አንዴ ከወጣ አይመለስም።

ብድር ከመውሰዳችሁ በፊት ሚንሃል ሃስቱደንቲም መጠየቅ አለበት። ይህ መሥሪያ ቤት አዲስ መጤዎችንና ከኢትዮጵያ ቤተሰብ የተወለዱ ተማሪዎችን ይረዳል፤ የእርዳታው ሁኔታ ከልጅ ልጅ ስለሚለያይ ልጁ ራሱ ይጠይቅ። የጎረቤት ልጅ አገኘ ተብሎ የእናንተም ያገኛል ማለት አይደለም።

ሚክላላዎቹ ዮም ፓቱኣኽ የሚሉት ሰው ሁሉ ገብቶ የሚጠይቅበት ቀን አላቸው። አብራችሁት ሂዱ፤ ዕብራይስጡ ቢከብዳችሁም ሂዱ። ከእናንተ የተመረቁት የመጀመሪያ ሥራቸው ምን ነበር በሉ። ከዚያ ልጁ የሚፈርመው ወረቀት ይመጣል። መሐል ላይ ቢያቋርጥ ስንት ሸቀል እንደሚመለስለት እዚያው ላይ ተጽፏል፤ ከመፈረሙ በፊት ያንን ክፍል በአማርኛ እንዲነግራችሁ አድርጉ።