ናፍቆትሽን በሌላ ኪስ ያዢው

የወንድሜ ልጅ፣ ባለፈው ስትደውዪ «ጋሼ፣ ቦንጋ ላይ ገንዘቤን ምን ላይ ላውለው?» አልሽኝ። ሃያ ሦስት ዓመት ዋሽንግተን ዙሪያ ፓርኪንግ ስጠብቅ የተማርኩት በአንድ ስልክ ስለማያልቅ፣ ቁጥር ሰጥቼ ጻፍኩልሽ።

1. የምታረጂበትን አገር ወስኚ። ካልወሰንሽ ገንዘብሽ እዚያው በምትኖሪበት አገር ይቆይ። እኔ ጥቅምት 2010 ብር በ15 በመቶ ሲወርድና ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ ሲል «ጊዜው አሁን ነው» ብዬ አሥር ሺህ ዶላር መነዘርኩ። በ27 ብር ገደማ፣ 270 ሺህ ብር መሆኑ ነው። ወለዱን ሳልነካ አስቀመጥኩት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ ደብተሬ ላይ ከ410 ሺህ ብር በላይ ነበር፤ ጎረቤት ቢያየው ሀብታም ይለኛል። ዶላሩ ግን ከ57 ብር ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ። መልሼ ሳሰላው አራት ሺህ ዶላር እንኳ አልሞላም። ማንም አልሰረቀኝም፣ ባንኩም ቃሉን ጠብቋል። አሥር ሺህ ዶላሬን ያስመነዘረኝ ናፍቆት ነው።

2. አሠሪሽ የሚጨምርልሽን አትተዪ። በጡረታ ቁጠባው፣ በፎር-ኦ-ዋን-ኬ ስትቆጥቢ አሠሪሽም የሚያዋጣልሽ ከሆነ፣ እሱ እስከሚያዋጣበት ጣሪያ ድረስ አስገቢ። እኔ «ኋላ አገሬ ነው የምገባው» እያልኩ ስምንት ዓመት ሳልፈርም ቆየሁ። አገር መግባት ከመፈረም ጋር ምን አጣላው? ከ59 ዓመት ተኩል በፊት ካወጣሽው ግን ብዙውን ጊዜ ከግብሩ ሌላ 10 በመቶ ቅጣት ስላለበት ለሠርግ አትንኪው። የሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታም ወደ አሥር ዓመት ሥራ ይፈልጋል፤ ዘጠነኛው ላይ ጠቅልለሽ እንዳትመጪ። ሜዲኬር ቦንጋ ድረስ አይከተልሽም፣ ለሕክምና ለብቻው አስቀምጪ።

3. ውክልና ላይ ቀስ በይ። ይህን ረዘም አድርጌ ልንገርሽ። ኤምባሲ ሄደሽ የምትፈርሚው ወረቀት ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የተዘጋጀ ነው፦ እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ፣ በዋስትና እንዲያሲዝ፣ ከባንክ እንዲያወጣ እያለ ይወርዳል። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን እንኳ ከእኛ ይልቅ ጥንቁቅ ነው፤ በጠቅላላ አነጋገር የተሰጠ ውክልና ከማስተዳደር አያልፍም፣ ቤት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ሁሉንም ዘርዝረን የምንሰጠው እኛው ነን። እኔ ቤት ለማሠራት ለአንድ ዘመዴ ሰጠሁ። ግድግዳው ወገብ ላይ ደርሶ ቆመ፤ ስመጣ ቦታው በብድር ተይዞ አገኘሁት። በክፋት አይመስለኝም፤ ሲሚንቶ ተወደደበት፣ ለእኔ መንገር አፈረ፣ ተበደረ። አንቺ መሸጥና ማስያዝ የሚሉትን አሰርዢ፣ የሚሠራውን ሥራ በስሙ ጥቀሺ፣ የሚያበቃበትን ቀን አጽፊ። ገንዘቡን የሚይዘውና ሥራውን የሚቆጣጠረው አንድ ሰው አይሁን። ቅር የሚለው ዘመድ ቅር ይበለው።

4. «ቡና ያለበት መሬት ልግዛልሽ» የሚልሽን አመስግነሽ ስልኩን ዝጊ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም። በሽማግሌ ፊት የተጻፈ የሽያጭ ውል ፍርድ ቤት አይጸናልሽም። የካፋ ጫካ ደግሞ ከ2002 ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ ባዮስፌር ነው፤ ውስጡ እንዳይነካ የተከለለ ቦታ ስላለ፣ ዛፍ መንጥሮ «እርሻ» የሚያሳይሽ ሰው ጣጣ ይዞልሽ መጥቷል።

5. የቡና ንግድ። ከጥቅምት ጀምሮ ስልክሽ ይጮሃል፦ «ግማሽ ሚሊዮን ላኪ፣ ጀንፈል ገዝተን ክረምት ሲገባ እንሸጣለን።» በ2017 የዓለም ዋጋ በፓውንድ ከአራት ዶላር ሲያልፍ ደላላው ሁሉ ነቢይ ሆኖ ነበር። የወጣ ይወርዳል፤ በደንብ ያልደረቀ ጀንፈል ደግሞ መጋዘን ውስጥ ይሻግታል፤ ንግዱም ፈቃድ ይፈልጋል። የአጎትሽን ልጅ መርዳት ከፈለግሽ የማድረቂያ አልጋ አሠሪለት። ቀይ የተለቀመ ቡና ከመሬት ከፍ ብሎ ሲደርቅ ከአፈርና ከሽታ ይድናል፣ ገዢም አያጣም። ትርፉ ግን የእሱ ነው፤ ሒሳብ እንዳትጠብቂ።

6. አክሲዮን። ጥር 2 ቀን 2017 የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ አዲስ አበባ ተከፍቷል፤ ደስ ብሎኛል፣ ግን ገና ልጅ ነው። ፓስፖርት ከመቀየርሽ በፊት ደግሞ አንድ ነገር እወቂ። ኢትዮ ቴሌኮም ጥቅምት 2017 አንዱን አክሲዮን በ300 ብር፣ ቢያንስ 33 አክሲዮን ብሎ ሲሸጥ፣ ለኢትዮጵያ ዜጎች ብቻ ነበር። የትውልደ ኢትዮጵያውያን መታወቂያው፣ ቢጫ ካርድ፣ ብዙ በር ይከፍታል፣ ያንን አልከፈተም።

7. እዚህ ኢትዮጵያ ባንክ ውስጥ ያሉሽ ሒሳቦች ተደምረው በዓመቱ በአንዱ ቀን እንኳ ከ10,000 ዶላር ካለፉ ለአሜሪካ መንግሥት ማስታወቅ ግዴታ ነው። ግሪን ካርድ ብቻ ቢኖርሽም ያው ነው። ፎርሙ ኤፍባር ይባላል። ግብር አይደለም፣ ማስታወቂያ ነው፤ አለማስታወቁ ግን ያስቀጣል።

8. እቁብሽን አትተዪ። ወለድ የለውም ይሉሻል፤ እውነት ነው፣ ግን ስንፍናን ያሸንፋል። ዕጣው ሲወጣልሽ ወዲያው ወደ ቁጠባሽ ይግባ።

9. ለእናትሽ የምትልኪው በየወሩ እኩል ይሁን፣ በሌላ ኪስ። ትርፍና ኪሳራ አታስቢበት። ባለፈው ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ ጎራ ብዬ ነበር፤ የጓዳው ጣሪያ ያፈሳል፣ እሷ አትነግርሽም። አሥራ ሁለት ቆርቆሮ ይበቃዋል፤ ምስማሩን እኔ እገዛለሁ።