በክረምት ወንዝ የሚወጣው ዓሣ

ገበሬ የቱንም ያህል ቢቸግረው ለዘር ያስቀመጠውን እህል አስፈጭቶ አይበላም። የዛሬን ሆድ ቢሞላም የከርሞውን ማሳ ባዶ እንደሚያስቀር ያውቃል። ዓሣም እንደ እህል ዘር አለው። የእህሉ ዘር በጎታ ውስጥ ይቀመጣል፤ የዓሣው ዘር ግን በክረምት በወንዝ ውስጥ ይዋኛል። በዚህ ትምህርት ስለዚህ ዓሣ እናነባለን።

ዓሣው ከየት ይመጣል?

ጣና በአገራችን ካሉት ሐይቆች ሁሉ ትልቁ ነው። ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በሐይቁ ውስጥ ቀረሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ ይገኛሉ። ነጭ ዓሣ ስንል አንድ ዓይነት ብቻ አይምሰላችሁ። አጥኚዎች ከ15 የማያንሱ ዝርያዎች እንዳሉት አረጋግጠዋል። አንዱ አፉ ሰፊ ነው፤ ሌላው ከንፈሩ ወፍራም ነው። አንዱ ትንንሽ ዓሦችን እያሳደደ ይበላል፤ ሌላው ከጭቃው ምግቡን ይለቅማል።

ከእነዚህ ዝርያዎች አብዛኞቹ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ አይገኙም። ምክንያቱ ምንድር ነው? ዓባይ ከጣና ወጥቶ ጥቂት እንደ ሄደ በጢስ ዓባይ ፏፏቴ ወደ ታች ይወረወራል። የፏፏቴው ቁመት 40 ሜትር ያህል ነው። ከታች ያለ ዓሣ ያንን ገደል ዘሎ ወደ ጣና መግባት አይችልም። ስለዚህ የጣና ነጭ ዓሣ ለረጅም ዘመን ለብቻው ኖረ፤ ለብቻውም ተራባ። እዚህ ከጠፋ ከሌላ አገር አምጥተን አንተካውም ማለት ነው።

ለምን ወንዝ ይወጣል?

ክረምት ሲገባ ወንዞች ይሞላሉ። በዚህ ጊዜ ብዙዎቹ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች ከሐይቁ ተነሥተው በወንዝ አፍ ላይ ይሰበሰባሉ። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ በጉማራ፣ በርብ፣ በመገጭ፣ በግልገል ዓባይና በሌሎችም ወንዞች ሽቅብ ይወጣሉ። ከትልቁ ወንዝ ወደ ትንንሾቹ ገባሮች ይገባሉ። የሚፈልጉት ጠጠር ያለበትን፣ ጥርት ያለና ፈጠን ብሎ የሚወርድ ውኃ ነው። ሴቷ እንቁላሏን እዚያ ትጥላለች፤ ወንዱም ዘሩን ይረጭበታል። እንቁላሉ በጠጠሩ መካከል ተሸሽጎ ይፈለፈላል። ጫጩቶቹ ከጎለበቱ በኋላ ወደ ሐይቁ ይወርዳሉ።

እንቁላልም ይተነፍሳል። ውኃው ጥርት ያለ ከሆነ አየር ያገኛል። ከተሸረሸረ ማሳ የወረደ ደለል ከሸፈነው ግን ታፍኖ ይሞታል። እንግዲህ ዓሣ አጥምዶ የማያውቅ የደጋ ገበሬም በዓሣው ጉዳይ ድርሻ አለው። እርከን የሠራ ሰው አፈሩንም ዓሣውንም ጠበቀ ማለት ነው።

ጉዳቱ እንዴት ይመጣል?

አንድ ገበሬ እንዲህ ይል ይሆናል፦ «ዓሣው ራሱ ደጄ ድረስ መጥቶልኛል። ሥጋ ለመግዛት ገንዘብ የለኝም። ልጆቼን ላብላበት እንጂ ምን ላድርግ?» ጥያቄው እውነተኛ ነው። የተራበን ሰው «ተው» ብቻ ማለት አይበቃም። ግን እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራ።

አሥር ሴት ዓሦች ወደ ወንዝ ወጡ እንበል። እያንዳንዷ 2,000 እንቁላል ብትጥል ጠቅላላው 20,000 ይሆናል። ብዙው በሌላ ዓሣ ይበላል፤ ብዙው በጎርፍ ይወሰዳል። ከ1,000 እንቁላል አንዱ ብቻ ቢያድግ 20 ትልልቅ ዓሦች ይገኛሉ። አሥሩን ሴቶች እንቁላል ሳይጥሉ የያዘ ሰው ያገኘው አሥር ዓሣ ነው፤ ያጠፋው ግን ሠላሳ ነው። አሥሩ ዛሬ ያሉት፣ ሃያው ሊመጡ የነበሩት ናቸው።

ይኸ በምሳሌ ብቻ የሚቀር ነገር አይደለም። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1986 በጣና ላይ የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ሥራ ላይ ዋለ። ከዚያ በፊት አጥማጁ በደንገል ታንኳ እየቀዘፈ በሐይቁ ዳር ዳር ብቻ ይሠራ ነበር። ጀልባው ግን ሩቅ ስለሚሄድ በክረምት በወንዝ አፍ ላይ የተሰበሰበውን ዓሣ በብዛት ማፈስ ተቻለ። አጥኚዎች በፈረንጆች በ1991 እና በ2001 የተገኘውን ሲያስተያዩ፣ በደቡባዊው የሐይቁ ክፍል ነጭ ዓሣው ከአራት እጁ ሦስቱን ያህል ቀንሶ አገኙት። ይኸ የሆነው በአሥር ዓመት ውስጥ ነው።

መረብ፣ መርዝና መንጠቆ

በወንዝ አፍ ወይም በወንዙ መሐል ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋ መረብ የሚያልፈውን ሁሉ ይይዛል። በሆዷ እንቁላል የያዘችውን ከሌላው አይለይም።

ከመረብ የሚብሰው መርዝ ነው። በአንዳንድ ቦታ የብርብራን ፍሬ ወቅጠው ወንዝ ውስጥ ይጨምራሉ። የብርብራ መርዝ ዓሣውን ትንፋሽ አሳጥቶ ይገድለዋል። ትልቁንም፣ ጫጩቱንም፣ ዓሣው የሚመገባቸውን የውኃ ነፍሳትም ይፈጃል። ሰውየው የሚለቅመው ጥቂቱን ነው፤ የቀረው በስብሶ ይቀራል። የሰብል ተባይ መድኃኒት ውኃ ውስጥ የሚጨምር ሰው ደግሞ ከዚያው ወንዝ የሚቀዱትን እናቶችና ልጆች ለአደጋ ያጋልጣል። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባል የለ? በ1995 ዓ.ም. የወጣው የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ዓሣን በመርዝ ማጥመድን ይከለክላል።

መንጠቆ ግን ሌላ ነው። በመንጠቆ አንድ በአንድ ይያዛል። ትል ወይም ፌንጣ ሰክቶ የተቀመጠ ሰው የያዘውን ያያል። ትንሽ ከሆነ፣ ወይም በሆዷ እንቁላል የያዘች ከሆነች፣ እጁን በውኃ አርሶ መንጠቆውን በቀስታ ነቅሎ ይለቃታል። እጅ ደረቅ ከሆነ በዓሣው ገላ ላይ ያለውን የሚያሙለጨልጭ መከላከያ ያነሣበታል፤ ኋላም ዓሣው ይታመማል። ለቤተሰብ እራት የሚሆን ዓሣ በመንጠቆ ይገኛል። ወንዙን ግን በመንጠቆ ማራቆት ያስቸግራል።

ምን እናድርግ?

አንድ ሰው ብቻውን ቢተው ጎረቤቱ ይወስደዋል። «እኔ ብተው እገሌ ይይዘዋል» የሚለው ሐሳብ ነው ወንዙን ባዶ የሚያስቀረው። ስለዚህ ነገሩ በአንድ ሰው ትዕግሥት አይፈታም፤ የወንዙ ዳር ሰዎች ሁሉ ተመካክረው በአንድ ቃል ሲያድሩ ነው የሚፈታው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ።

1. ከሐምሌ እስከ ጥቅምት በወንዝ አፍና በገባር ወንዞች ላይ መረብ አለመዘርጋት።
2. ብርብራም ሆነ ማናቸውንም መርዝ ውኃ ውስጥ አለመጨመር።
3. ዓሣው እንቁላል ከሚጥልበት ቦታ ጠጠርና አሸዋ አለማውጣት።
4. በወንዝ ዳር እስከ አፋፉ አለማረስ፤ ሣርና ዛፍ መተው።
5. ለቤት የሚሆነውን በመንጠቆ መያዝ፤ ትንሿንና እንቁላል የያዘችውን መልቀቅ።

ጥያቄዎች

1. የጣና ነጭ ዓሣ ከሌላ አገር ሊተካ የማይችለው ለምንድር ነው?
2. ደለል የዓሣን እንቁላል እንዴት ይጎዳል?
3. አምስት ሴት ዓሦች እያንዳንዳቸው 3,000 እንቁላል ቢጥሉና ከ1,000 አንዱ ቢያድግ ስንት ዓሣ ይገኛል?
4. በመረብና በመንጠቆ መካከል ያለው ልዩነት ምንድር ነው?
5. ለውይይት፦ በአካባቢያችሁ ባለው ወንዝ የዛሬ ሃያ ዓመት ምን ያህል ዓሣ ይወጣ ነበር? ሽማግሌዎችን ጠይቁና የነገሯችሁን በደብተራችሁ ጻፉ።