በባሕረ ሰላጤና በአሸዋ ደሴቶች መካከል የአራት ቀን የካያክ ጉዞ እንዴት እንደሚታቀድ



በአሜሪካ አገር በትምህርት ላይ ከምንገኘው መካከል አብዛኞቻችን የደጋ ልጆች ነን። ያደግነው ወንዝ በሞላ ጊዜ እስኪጎድል ዳር ቆሞ መጠበቅን እየተማርን ነው እንጂ፥ ውሃ ላይ መዋልን አይደለም። ከመካከላችን አንዱ ብቻ ባሕር ዳር ስላደገ ታንኳና ዋና ያውቃል። እንዲህ ሆነን ሳለን ባለፈው ዓመት በሚያዝያ ወር ስድስት ሆነን ካያክ ተከራይተን ወደ አትላንቲክ ጠረፍ ወረድን። ለሦስት ቀን የታሰበው ጉዞ በመጀመሪያው ቀን ተቋረጠ። ዘንድሮ በመስከረም መጨረሻ እንደ ገና ልንሄድ ስለ ተነሣን፥ ስሕተታችንን ሳንደብቅ የተማርነውን በተራ በተራ ማቅረብ ተገቢ መስሎ ታይቶናል። አብሮን ሊሄድ የሚፈልግ ሁሉ ይህን አንብቦ ይወስን።

ካያክ ማለት በሰሜን ዋልታ አጠገብ የሚኖሩ ሕዝቦች በእንጨት ወይም በአጥንት ላይ የባሕር እንስሳ ቆዳ ወጥረው ለአደን የሠሯት ጠባብና ረጅም ጀልባ ናት። ቀዛፊው እግሩን ዘርግቶ ይቀመጥና ሁለቱም ጫፉ ጠፍጣፋ በሆነ መቅዘፊያ ግራና ቀኝ ይቀዝፋል። ዛሬ ብዙዎቹ ከፕላስቲክ ይሠራሉ። የጣና ታንኳ ከደንገል ስለሚሠራ ውሃ እየጠጣ ቀስ በቀስ ይከብዳል፤ ባለቤቱም አስቀድሞ ያውቀዋል። ካያክ ግን ደኅና ስትሄድ ቆይታ በአንድ አፍታ ትገለበጣለች። ስለዚህ ዕቅዱ ሁሉ የሚነሣው «ብንገለበጥስ?» ከሚለው ጥያቄ መሆን አለበት።

1ኛ፤ ቦታውን ማወቅ

የመረጥነው በሜሪላንድና በቨርጂንያ ጠረፍ የሚገኘውን የቺንኮቲግ ባሕረ ሰላጤ ነው። ባሕረ ሰላጤውን ከውቅያኖሱ የሚለየው አሳቲግ የሚባል፥ ርዝመቱ 60 ኪሎ ሜትር ያኽል የሆነ ቀጭን የአሸዋ ደሴት ነው። የዚህ ዓይነቱ ደሴት የውቅያኖሱን ማዕበል ስለሚመልስ «የአጥር ደሴት» ብንለው አይከፋም። ሆኖም አጥሩ እንደ ድንጋይ ካብ ባለበት የሚቆም አይደለም። ማዕበሉ አሸዋውን በዳር በዳር ወደ ደቡብ ይነዳዋል፤ ታላቅ ዐውሎ ነፋስ በመጣም ጊዜ ውሃው ደሴቱን ተሻግሮ በውቅያኖስ በኩል የነበረውን አሸዋ ወደ ባሕረ ሰላጤው በኩል ያፈስሰዋል።

እ.ኤ.አ. በ1933 የመጣው ዐውሎ ነፋስ በኦሽን ሲቲ አጠገብ ምድሩን ሰንጥቆ አዲስ የባሕር በር ከፈተ፤ አሳቲግም ከሰሜኑ ምድር ተለየ። ሰዎች ያ በር እንዳይዘጋ ዳርና ዳሩን በድንጋይ ስላጸኑት ከሰሜን ይመጣ የነበረው አሸዋ ታገደ፤ የደሴቱም ሰሜናዊ ጫፍ ወደ ምዕራብ እየሸሸ ሄደ። በ1962 ደግሞ ሌላ ብርቱ ማዕበል በደሴቱ ላይ ተጀምሮ የነበረውን የቤትና የመንገድ ሥራ አፈራረሰው። በ1965 ደሴቱ በሕግ የተጠበቀ ብሔራዊ ጠረፍ ሆነ። ከዚህ የምንረዳው ያረጀ ካርታ እንደሚያሳስት ነው። ስለዚህ አዲስ ካርታ መያዝና የቦታውን ጠባቂዎች መጠየቅ የመጀመሪያው ሥራችን ነው።

የባሕረ ሰላጤው ውሃ በብዙ ቦታ ሰው ቆሞ የሚደርስበት ነው። ይህን የሰማ ሰው አደጋ የለም ብሎ ይዘናጋል። ዳሩ ግን «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ይባላል። ጥልቀት በሌለውና ረጅም በሆነ ውሃ ላይ ነፋስ ሲነሣ ሞገዱ አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል፤ ይህም ለጠባብ ጀልባ ከረጅሙ ሞገድ ይልቅ የከፋ ነው። ከሥር ያለውም በብዙ ቦታ ጭቃ እንጂ የሚረገጥ ምድር አይደለም።

2ኛ፤ ወርንና ነፋስን መምረጥ

ባለፈው ዓመት ሚያዝያን የመረጥነው ፀሐዩ ስለ ሞቀ ነው። አየሩ ሲሞቅ ግን ውሃው ገና የክረምቱን ብርድ እንደ ያዘ ነበረ። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የወደቀ ሰው በመጀመሪያው ደቂቃ ትንፋሹ ይቆራረጣል፤ ከዚያ በኋላ ባሉት 10 ደቂቃዎች ጣቶቹ መታዘዝን እየተዉ ይሄዳሉ። ስለዚህ ለውሃው ሙቀት እንጂ ለአየሩ ሙቀት መልበስ ስሕተት አያመጣም። ዘንድሮ የመስከረምን መጨረሻ የመረጥነው ውሃው የሐምሌንና የነሐሴን ሙቀት ገና ስለሚይዝ፥ ትንኙና ተናካሹ ዝንብም ስለሚቀንስ ነው። ነገር ግን ወቅቱ የዐውሎ ነፋስ ወቅት ስለ ሆነ፥ ከመነሣታችን በፊት ባሉት ቀናት ሁሉ የአየር ትንበያውን ጧትና ማታ እንከታተላለን።

ነፋሱ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ይደርሳል ከተባለ አንነሣም፤ ይህን ቀደም ብለን ወስነናል። የነፋሱም አቅጣጫ እንደ ኃይሉ መታሰብ አለበት። ከምዕራብ የሚነፍስ ነፋስ የተገለበጠውን ሰው ወደ ደሴቱ ይገፋዋል። ከውቅያኖስ በኩል የሚነፍሰው ግን፥ በደሴቱ ጥግ ውሃው ጸጥ ያለ መስሎ ሳለ፥ የተገለበጠውን ሰው ወደ ሰፊው የባሕረ ሰላጤ መካከል ይወስደዋል። ጸጥ ያለ ውሃ ሁሉ ደኅና ቦታ አይደለም ማለት ነው።

3ኛ፤ የባሕር ሙላትና ጉድለት፥ የማን ሰዓት?

አሁን ወደ ስሕተታችን ደርሰናል። በዚህ ጠረፍ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፥ ሁለት ጊዜም ይጎድላል። ከሙላት እስከ ጉድለት 6 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ያኽል ነው። ሙላቱም በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ያኽል ይዘገያል፤ ስለዚህ የትናንቱ ሰዓት ለዛሬ አይሆንም። በባሕር በሮቹ አጠገብ ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል፤ በባሕረ ሰላጤው መካከል ግን እጅግ ያነሰ ነው፤ በዚያ የውሃውን ከፍታ ይልቁንም ነፋስ ያዝዘዋል።

ባለፈው ዓመት የተነሣነው ከደቡብ በኩል፥ ከቺንኮቲግ የባሕር በር ሳንርቅ ነበር። ከመካከላችን አንዱ የሙላቱን ሰዓት ከሰንጠረዡ ገልብጦ በማስታወሻችን ላይ «ሙላት 7፡10» ብሎ ጻፈ። ይህም በፈረንጅ ሰዓት ነበረና፥ በኛ ከጧቱ 1፡10 ማለት ነው። የመነሻውን ጊዜ እንዲወስን የተመደበው ሌላው ጓደኛችን ግን ማስታወሻው በአማርኛ ስለ ተጻፈ በኛ ሰዓት አነበበውና ሙላቱ ከቀኑ 7፡10 ነው አለ። እኛም ሁላችን አመንነው። ቁርሳችንን ተረጋግተን በልተን፥ ውሃው እየሞላ ነው በማለት በ5፡30 ላይ ተነሣን።

አንባቢ ሆይ፥ እስቲ አስሉት። በኛ ሰዓትና በፈረንጅ ሰዓት መካከል ያለው ልዩነት 6 ሰዓት ነው። ከሙላት እስከ ጉድለት ያለውም 6 ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ነው። እንግዲህ ስሕተታችን ትንሽ መዘግየት ወይም ትንሽ መፍጠን አልነበረም፤ ሙላቱን በሙሉ ወደ ጉድለት የገለበጠ ነበረ። ይሞላል ባልንበት ሰዓት ባሕሩ ወደ ታችኛው ወለሉ ሊደርስ ነበር።

ከዋናው መስመር ወጥተን በረግረጉ ሣር መካከል ወደሚገባው ጠባብ የውሃ መንገድ ስንገባ ጀልባዎቹ አንድ በአንድ ጭቃ ላይ ተቀመጡ። ባሕር ዳር ያደገው ጓደኛችን ሊስብ ወርዶ እስከ ጭኑ ሰጠመና በጎኑ ወደቀ። ከሁላችን ይልቅ ውሃ የሚያውቀው እርሱ ነበረ፤ ነገር ግን የለመደው የጣናን ውሃ እንጂ የአትላንቲክን ብርድ አልነበረም። ጐትተን ስናወጣው ጣቶቹ የሰደርያውን ማሰሪያ መፍታት አቅቷቸው ነበር። ደረቅ ልብስ ያለው ከረጢት ደግሞ ከመጨረሻዋ ጀልባ ሆድ ውስጥ፥ ከዕቃው ሁሉ በታች ነበረ። ውሃው እስኪመለስ ሁለት ሰዓት ያኽል ጭቃው ላይ ተቀምጠን እየተንቀጠቀጠ አየነው። በደኅና ተመለስን፤ ግን በብልሃታችን አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ሕጋችን ይህ ነው፦ ማንኛውም ሰዓት በሁለት ዓምድ ይጻፋል፥ «ከጧቱ 1፡10» በአንዱ፥ «በፈረንጅ 7፡10 ጧት» በሌላው። ከዚያም ሁለት ሰዎች ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያነቡታል፤ ሦስተኛውም «የማን ሰዓት?» ብሎ ይጠይቃል። ከመነሣታችን በፊት ደግሞ ውሃው ዳር እንጨት ተክለን ለግማሽ ሰዓት እንመለከታለን። ወረቀቱ ቢያሳስት እንጨቱ ያርመዋል።

4ኛ፤ መንገዱን መከፋፈል

ዘንድሮ የምንሄደው በሜሪላንድ ክፍል ብቻ ነው፤ በደሴቱ የቨርጂንያ ክፍል ድንኳን ተክሎ ማደር አይፈቀድም። በሜሪላንድ ክፍል በባሕረ ሰላጤው በኩል ለቀዛፊዎች የተዘጋጁ ማደሪያዎች አሉ፦ ለመነሻው ቅርብ የሆነው ቲንግልስ አይላንድ፥ ከዚያ ፓይን ትሪ፥ በሩቅ ደቡብም ፖፕ ቤይ። ለማደር ፈቃድ ማውጣት ግዴታ ነው፤ በዚያው ጊዜ የትኛው ማደሪያ ክፍት እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባል።

ዕቅዳችን እንዲህ ነው። በመጀመሪያው ቀን ከሰሜኑ መነሻ እስከ ፓይን ትሪ፥ 7 ኪሎ ሜትር ያኽል፤ በሁለተኛው ቀን እስከ ፖፕ ቤይ፥ 14 ኪሎ ሜትር ያኽል፤ በሦስተኛውና በአራተኛው ቀን በዚያው መንገድ መመለስ። የተጫነች ካያክ በጸጥታ ውሃ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ያኽል ትሄዳለች፤ በፊት ነፋስ ግን 3 እንኳ ላትሞላ ትችላለች። እኛ የምናስበው በ3 ነው። ስለዚህ የሁለተኛው ቀን መንገድ 5 ሰዓት ያኽል ይፈልጋል ብለን፥ ነፋሱ ሳይበረታ ጎሕ ሲቀድ እንነሣለን። ፍጥነታችንም የሚለካው በደካማው ቀዛፊ ነው። እስከ 5፡00 በኛ ሰዓት ግማሹን መንገድ ካልጨረስን፥ ያለ ክርክር ወደ ኋላ እንመለሳለን።

5ኛ፤ ስንቅና ጭነት

በማደሪያዎቹ የሚጠጣ ውሃ የለም። ለአንድ ሰው በቀን 4 ሊትር ብንይዝ፥ ለ6 ሰዎች ለ4 ቀን 96 ሊትር ይሆናል፤ ይህም 96 ኪሎ ነው። በየጀልባው 16 ኪሎ ውሃ ብቻ ማለት ነው! ከባዱ ዕቃ በመካከልና በሥር ይቀመጣል፤ ቀላሉ በጫፎቹ። ደረቅ ልብስ ግን እንደ ባለፈው ሳይሆን በየሰው ጀልባ፥ እጅ በሚደርስበት ቦታ ይሆናል።

ስለ ምግቡ ብዙ አላሰብንም፤ አባቶቻችን አስበውልናል። በሶ፥ ቆሎ፥ ዳቦ ቆሎና ጭኮ እሳት ሳይፈልጉ ቀናት የሚቆዩ የመንገድ ስንቆች ናቸው፤ በዚህ አገር በውድ ዋጋ ከሚሸጠው የተራራ ወጪዎች ምግብ በምንም አያንሱም። ሁሉም በሚዘጋ ዕቃ ይያዝ። በደሴቱ ላይ የዱር ፈረሶች አሉ፤ ምግብ ካገኙም ድንኳን ከመበርበር አይመለሱም። ቢያንስ 12 ሜትር ከእነርሱ መራቅ የቦታው ሕግ ነው።

6ኛ፤ ሰዎቹ

የመንሳፈፊያ ሰደርያ ጀልባ ላይ የሚታሰር ሳይሆን ሁልጊዜ የሚለበስ ነው፤ ዋና የሚችለውም ይለብሳል። ከጉዞው በፊት ሁላችን በመዋኛ ገንዳ መገልበጥንና እርስ በርስ መነሣሣትን ሦስት ጊዜ እንለማመዳለን፤ ያልተለማመደ አይሄድም። ሁለት ሁለት ሆነን እንቀዝፋለን፤ ማንም ከጓደኛው ከድምፅ ርቀት ውጭ አይሄድም። የባሕር ሬዲዮ ይዘን የጭንቅ ጥሪ የሚሰማበትን 16ኛውን ቻናል መጠቀምን እንማራለን። በከተማም ለሚቀር አንድ ጓደኛ የመንገዱን ካርታ፥ የየቀኑን ማደሪያና የመመለሻውን ሰዓት ጽፈን እንሰጠዋለን፤ በሁለት ዓምድ ማለት ነው።

ከሁሉ በላይ ግን የሚከተለውን እንጨምራለን። ያንን «7፡10» የጻፈው ጓደኛችን ካለፈው ሚያዝያ ጀምሮ ከስብሰባችን ቀርቷል፤ ጥፋቱን ሁሉ በራሱ ላይ ወስዷል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። እርሱ የጻፈው ቁጥር ትክክል ነበር። ስድስታችንም አይተነዋል፤ ስድስታችንም «የማን ሰዓት?» ብለን አልጠየቅንም። በሁለት ሰዓት አቆጣጠር የሚኖር ሰው በየቀኑ አንዱን ወደ ሌላው ሲመልስ ይውላል፤ ከመልመዱም የተነሣ መመለሱን ይረሳዋል። ያን ዕለት የረሳነው ሁላችን ነን።

ስድስተኛዋ ካያክ ዘንድሮም ተይዛለች፤ በላዩዋም የማንም ሌላ ስም አልተጻፈም። የሙላቱን ሰንጠረዥ የሚገለብጥልን ሰው እንፈልጋለን፤ ከእርሱ የበለጠ የሚጠነቀቅም አናገኝም። የመጀመሪያው ልምምድ በሚመጣው ቅዳሜ ከቀኑ 8፡00 በኛ ሰዓት፥ በፈረንጅ 2፡00 ከቀትር በኋላ ነው።