ልጄ ትሮጣለች፤ ልቧ እንዴት ይታመማል?

ጥያቄ፦ የ6 ዓመት ልጄን ጉንፋን ይዟት ሐኪም ቤት ብወስዳት ልቧ ላይ የተለየ ድምፅ ተሰማ። በኤኮ (በልብ አልትራሳውንድ) ስትታይ ወደ ሳንባ ደም የሚያሳልፈው የልብ በር ከተፈጥሮ ጠባብ ነው አሉኝ። ግን ትሮጣለች፣ አይደክማትም። ክትትሉ የግድ ነው?

መልስ፦ አዎን፣ የግድ ነው። መሮጧ ደስ ይላል፤ የልቧን ደኅንነት ግን አያረጋግጥም። በሩ ሲጠብ የቀኙ የታችኛው የልብ ክፍል ደሙን ለማሳለፍ ከወትሮው በላይ ይገፋል፤ ግድግዳውም እየወፈረ ይሄዳል። ልጅ ለዓመታት ድካም ሳይታይባት የምትቆየው በዚሁ ውፍረት ምክንያት ነው። ጡንቻው ዝሎ ድካምና የእግር እብጠት ሲከተሉ ጉዳቱ ሥር ሰዷል። ስለዚህ ሐኪም የሚመራው በጨዋታዋ ሳይሆን ከበሩ ወዲያና ወዲህ ባለው የግፊት ልዩነት ነው። ይህ ልዩነት በኤኮ ሲለካ ከ36 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ በታች ከሆነ ጥበቱ ቀላል ነው። ከ64 በላይ ከሆነ ግን ከባድ ስለሆነ ምልክት ባይኖርም በሩን ማስፋት ይመከራል።

«ቀላል ከሆነ ለምን እመላለሳለሁ?» ማለትዎ ተገቢ ነው። በእርሷ ዕድሜ ቀላል ሆኖ የተገኘ የዚህ በር ጥበት አብዛኛውን ጊዜ ባለበት ይቆያል፤ ቀጠሮውም የተራራቀ ይሆናል። ወደ መላ ሰውነት ደም የሚያሳልፈው በር ቢሆን ኖሮ ግን እያደር የሚብስ ስለሆነ ቀጠሮው ይቀራረብ ነበር። ደረቷ እንዳይከፈት ከሰጉም፣ ከ1982 እ.ኤ.አ. ወዲህ ይህ በር በፊኛ ይሰፋል። ቀጭን ቱቦ በብሽሽት የደም ሥር ገብቶ ጫፉ ላይ ያለው ፊኛ በሩ ላይ ለጥቂት ሰከንዶች ይነፋና ይወጣል። በሩ በጣም ወፍራምና የተዛባ ከሆነ ብቻ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግ ይችላል። በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ በሚገኘው የልብ ማዕከል የልጆች ልብ ሕክምና ይሰጣል፤ ወረፋው ግን ረጅም ነው። ሕመሙ እስኪታይ የጠበቀ ሰው ወረፋውን የሚጀምረው ልቡ ከደከመ በኋላ ነው።

አንድ ነገር ግን አያምታቱ። በጊዜው ካልታከመ የጉሮሮ ሕመም የሚመጣው የልብ በሽታ ሌላ ነው፤ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የሚሰጠው የፔኒሲሊን መርፌ ለዚያ እንጂ ለልጅዎ አይደለም። እንጥል ማስቆረጥማ ለሁለቱም አይጠቅምም፤ ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን ያመጣል።

በሚቀጥለው ቀጠሮ የኤኮውን ወረቀት ይዘው ይሂዱና የግፊት ልዩነቱ ስንት እንደሆነ ይጠይቁ። እየሮጠች ራሷን ከሳተች ወይም ከንፈሯ ከጠቆረ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ያን ዕለት ሆስፒታል ይውሰዷት።