ያለፈ ድምፅ፣ ያላለፈ ፍቅር
(ምንባብ፣ የግስ ጊዜያትና አስረጂ ድርሰት)

የትምህርቱ ዓላማ

ተማሪዎች ይህን ትምህርት ሲፈጽሙ፦
1. አንድ የኪነ ጥበብ ሥራ ለብዙ ዘመን የሚወደድበትን ምክንያት በማስረጃ ያብራራሉ፤
2. የኀላፊ ጊዜ ግሶችን ልዩነት ለይተው በየቦታቸው ይጠቀማሉ፤
3. በሁለት ምሳሌዎች ንጽጽር ላይ የተመሠረተ አጭር አስረጂ ድርሰት ይጽፋሉ።

ሀ. ምንባብ

ከዚህ በታች የቀረበውን ምንባብ በመጀመሪያ በለሆሳስ፣ ቀጥሎም ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡ። የተማሪዋና የአያቷ ታሪክ ለዚህ ትምህርት ሲባል የተደረሰ ነው። በውስጡ የተጠቀሱት መጽሐፍ፣ ተራኪና የቴሌቪዥን ድራማ ግን እውነተኛ ናቸው።

ከእንጦጦ ግርጌ፣ በጉለሌ የሚገኘው ዊንጌት የተባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው በዚያው ከተሠራው ከጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ነው። ትምህርት ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1946 ሲመሠረት የተሰየመው፣ በ1933 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ከፋሺስት ኢጣልያ ወረራ ነፃ ለማውጣት በተደረገው ዘመቻ ከአርበኞች ጋር በተሰለፈው በእንግሊዛዊው የጦር መኰንን በኦርድ ዊንጌት ስም ነው። ዛሬ የታክሲ ረዳቶች «ዊንጌት! ዊንጌት!» እያሉ ስሙን ከጧት እስከ ማታ ይጠሩታል፤ ስሙን ሲሰማ ባለስሙን የሚያስታውስ መንገደኛ ግን ጥቂት ነው። ስም ብቻውን ትዝታን አይጠብቅም። ትዝታን የሚጠብቀው የሚወድ ሰው ነው።

በዚህ ሰፈር ከአያቷ ጋር የምትኖር አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ «በቤታችን የሚወደድ አንድ የኪነ ጥበብ ሥራ» በሚል ርእስ ድርሰት እንድትጽፍ ታዘዘች። ርእሰ ነገሩን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አላስፈለጋትም። አያቷ በቁም ሣጥናቸው ውስጥ፣ በአሮጌ ነጠላ ጠቅልለው የሚያስቀምጧቸው ካሴቶች ነበሯቸው። በካሴቶቹ የተቀዳው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው፤ ልብ ወለዱ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ሲሆን፣ በደርግ ዘመን ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ራዲዮ፣ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተሰኘው ዝግጅት፣ በተከታታይ ተርኮታል።

«አባባ፣ እነዚህ ካሴቶች እኮ አርጅተዋል። ትረካው በኢንተርኔት ላይ ስላለ በስልኬ ላሰማዎት እችላለሁ» አለቻቸው።

አያቷ ፈገግ አሉና «በስልክሽ ያለው የወጋየሁ ድምፅ ነው፤ በዚህ ውስጥ ያለው ግን የእኛም ቤት ነው። እስቲ ቴፑን አምጪው» አሏት።

ካሴቱ መዞር ሲጀምር አስቀድሞ የተሰማው የዝናብ ድምፅ ነበር። ያን ጊዜ ትረካውን የቀዱት ቴፑን ከራዲዮኑ ፊት አስቀምጠው ስለ ነበረ፣ በቤቱ ውስጥ የነበረው ድምፅ ሁሉ አብሮ ገብቷል። የጉለሌ ክረምት የቆርቆሮውን ክዳን ይደበድባል፤ ከዝናቡ ሥር ደግሞ የወጋየሁ ድምፅ ይፈስሳል። አንድ ሰው ብቻውን ሆኖ የፊታውራሪ መሸሻን ኩራት፣ የሰብለ ወንጌልን ዐይን አፋርነት፣ የበዛብህን ጭንቀትና የጉዱ ካሣን ምሬት በየራሳቸው ድምፅ ያናግራል። በመካከሉ የአንዲት ሴት ድምፅ በሹክሹክታ «ውይ፣ ልጄን!» ሲል ተሰማ። ከዚያም ድምፁ ዝም አለ።

«አያትሽ ናቸው» አሉ አዛውንቱ። «በዛብህ ችግር ላይ ሲወድቅ አያስችላቸውም ነበር። የዕለቱ ትረካ ሲያበቃ ቤቱ በክርክር ይሞላል። ‹ያመልጣል›፣ ‹አያመልጥም› እየተባባልን የሚቀጥለውን ቀን እንጠብቃለን። ራዲዮ የሌላቸው ጎረቤቶችም እዚሁ መጥተው ይሰሙ ነበር።»

ተማሪዋ የሰማችውን ሁሉ ጻፈች። መምህሯ ረቂቁን ካዩ በኋላ «ምሳሌሽ መልካም ነው፤ ከሌላ አገር ምሳሌ ጋር ብታነጻጽሪው ግን ነገሩ የአንድ ቤት ጉዳይ ብቻ አለመሆኑ ይገለጣል» ብለው ስለ አንድ የአሜሪካ የቴሌቪዥን ድራማ ነገሯት።

የድራማው ስም «ዳርክ ሻዶውስ» ይባላል፤ ትርጉሙ «ጨለማ ጥላዎች» እንደ ማለት ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው ሰኔ 20 ቀን 1958 ዓ.ም. ነበር። «ፍቅር እስከ መቃብር» በታተመበት ዓመት መሆኑ ነው። ድራማው በአሮጌ ግንብ፣ በመናፍስትና በቤተ ሰብ ምስጢር ላይ ከሚያተኩረው፣ «ጎቲክ» ከሚባለው የአተራረክ ዓይነት ይመደባል። በመጀመሪያው ዓመት ተመልካቹ ጥቂት ስለ ነበረ ሊቋረጥ ተቃርቦ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1967 ግን ባርናባስ ኮሊንስ የተባለ፣ ከመቶ ሰባ ዓመት በላይ በሬሳ ሣጥን ተዘግቶበት የኖረ ቫምፓየር፣ ማለት ሰው ደም የሚመጥ ሕያው ሙት፣ በታሪኩ ውስጥ ገባ። ለጥቂት ጊዜ ብቻ እንዲቆይ የታሰበው ይህ ገጸ ባሕርይ፣ ጆናታን ፍሪድ በተባለው ተዋናይ ችሎታ ከአስፈሪነቱ ይልቅ አሳዛኝነቱ ስለ ጎላ፣ በተመልካች ዘንድ እጅግ ተወደደ። ድራማው በሥራ ቀናት ከሰዓት በኋላ ይታይ ስለ ነበረ፣ ልጆች ከትምህርት ቤት እየሮጡ ወደ ቤታቸው ይገቡ ነበር።

ድራማው የሚቀረጸው በጥድፊያ፣ ያለ ብዙ እርማት ነበር። አልፎ አልፎ ተዋናይ ቃሉን ይዘነጋል፤ የድምፅ ማጉያው እንጨት ከላይ ብቅ ይላል። ወዳጆቹ ግን እነዚህን ስሕተቶች አልጠሉም፤ እንደ ቤተ ሰብ ጠባይ ቈጥረው ወደዷቸው። ድራማው 1,225 ክፍሎች ከታዩ በኋላ መጋቢት 24 ቀን 1963 ዓ.ም. ተቋረጠ። ፍቅሩ ግን አልተቋረጠም። እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ ወዳጆቹ ተሰብስበው ከተዋናዮቹ ጋር የሚገናኙበት በዓል ያዘጋጁ ጀመር። ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን የሚከተለው ነው። ከክፍሎቹ መካከል የአንዱ የምስል ቅጂ ጠፍቷል። የዚያን ክፍል ድምፅ ያተረፈው ባለቤቱ ድርጅት አልነበረም፤ አንድ ተመልካች በቤቱ የቀዳው ድምፅ ነበር።

ተማሪዋ ይህን ስትሰማ የዝናቡን ድምፅ አስታወሰች። ማታ ድርሰቷን ጨርሳ ለአያቷ ታነብላቸው ጀመር። «አያቶቼ የወጋየሁን ትረካ ይወዱ ነበር» ከሚለው ዐረፍተ ነገር ስትደርስ አዛውንቱ እጃቸውን አነሡ።

«ቈይ፣ ልጄ። ‹ይወዱ ነበር› ነው ያልሽው? እኔንም ከአያትሽ ጋር ቀበርሽኝ?»

ተማሪዋ ደነገጠች። «ይቅርታ፣ አባባ» አለችና ዐረፍተ ነገሩን ሰርዛ እንዲህ ስትል ጻፈች፦ «አያቴ እማማ ትረካውን ይወዱ ነበር፤ አባባ ግን ዛሬም ይወዱታል።»

አዛውንቱ ጥቂት ዝም ብለው ቈዩ። ከዚያም «ልክ ነው፤ እውነቱ ይኸው ነው። ብቻ አንድ ዐረፍተ ነገር ጨምሪበት» አሏት። እርሷም ጨመረች፦ «የእማማ ድምፅ ግን በካሴቱ ውስጥ እስከ ዛሬ ይሰማል።»

ለ. የቃላት ፍች

የሚከተሉት ቃላትና ሐረጎች በምንባቡ ውስጥ የተሰጣቸውን ፍች ተገንዘቡ፤ ከዚያም እያንዳንዱን በየራሳችሁ ዐረፍተ ነገር አስገቡ።
በለሆሳስ — ድምፅን ዝቅ አድርጎ፤ በቀስታ
ረቂቅ — ገና ያልታረመ ጽሑፍ
አያስችላቸውም — መታገሥ ያቅታቸዋል
ገጸ ባሕርይ — በታሪክ ውስጥ ድርሻ ያለው ሰው ወይም ፍጡር
ንጽጽር — የሁለት ነገሮችን አንድነትና ልዩነት ማሳየት

ሐ. የመረዳት ጥያቄዎች

1. ምንባቡ ስለ ዊንጌት ሰፈር ስም በመናገር የጀመረው ለምንድን ነው? የመጀመሪያው አንቀጽ ከመጨረሻው ጋር ያለውን ግንኙነት አስረዱ።
2. አዛውንቱ በስልክ ከሚሰማው ጥርት ያለ ድምፅ ይልቅ ዝናብ የገባበትን ካሴት የመረጡት ለምንድን ነው?
3. የካሴቱ ዝናብና በአሜሪካው ድራማ የሚታየው የድምፅ ማጉያ እንጨት በምን ይመሳሰላሉ?
4. «እኔንም ከአያትሽ ጋር ቀበርሽኝ?» የሚለው አነጋገር ስለ ግስ ጊዜ ምን ያስተምራል?

መ. ሰዋስው፦ የግስ ጊዜያት

ከላይ እንዳየነው፣ የአንድ ግስ ጊዜ ሲለወጥ በሕይወት ያለው ሰው እንደ ሞተ፣ ያለው ፍቅርም እንደ ጠፋ ሊቈጠር ይችላል። ስለዚህ ስላለፈ ነገር ስንጽፍ የሚከተሉትን አምስት ዐይነቶች መለየት ይገባናል።

1. ኀላፊ ጊዜ፦ ድርጊቱ ተፈጽሞ ማለፉን ብቻ ይናገራል።
ምሳሌ፦ ድራማው በ1963 ዓ.ም. ተቋረጠ።

2. የቅርብ ኀላፊ፦ ድርጊቱ ያለፈ ቢሆንም ውጤቱ አሁን መኖሩን ያሳያል።
ምሳሌ፦ የዝናቡ ድምፅ በካሴቱ ውስጥ ገብቷል። (ዛሬም በውስጡ አለ።)

3. የሩቅ ኀላፊ፦ ድርጊቱ ከሌላ ያለፈ ድርጊት አስቀድሞ መፈጸሙን፣ ወይም ውጤቱ ከጊዜ በኋላ መለወጡን ያመለክታል።
ምሳሌ፦ ድራማው ሊቋረጥ ተቃርቦ ነበር። (በኋላ ግን ለጊዜው ከመቋረጥ ዳነ።)

4. የልማድ ኀላፊ፦ ባለፈው ዘመን ይደጋገም የነበረን ድርጊት ይገልጻል። ሌላ ቃል ካልታከለበት፣ አንባቢው ድርጊቱ ዛሬ የቀረ ይመስለዋል።
ምሳሌ፦ ጎረቤቶች መጥተው ይሰሙ ነበር።

5. የአሁን ጊዜ፦ ድርጊቱ ዛሬም ያለ መሆኑን ይናገራል።
ምሳሌ፦ አባባ ዛሬም ይወዱታል።

ባለፈው ዘመን ተጀምሮ እስከ ዛሬ የዘለቀን ነገር ለመግለጽ ስንፈልግ «ሲ-» የተባለውን መነሻ ቅጥያ ከ«ኖሯል» ጋር እናጣምራለን። «አዛውንቱ ትረካውን ከወጣትነታቸው ጀምሮ ሲያዳምጡት ኖረዋል» የሚለው ዐረፍተ ነገር መነሻውንም ቀጣይነቱንም በአንድነት ይይዛል። ስለ ዘላቂ ፍቅር ለሚጽፍ ሰው ከዚህ የተሻለ አገባብ ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

ማስገንዘቢያ፦ የአንድን ልብ ወለድ ታሪክ በአጭሩ ስንናገር የአሁን ጊዜን መጠቀም እንችላለን። «በዛብህ ሰብለ ወንጌልን ያስተምራል» ብንል ስሕተት አይደለም። ደራሲው በ1996 ዓ.ም. አርፈዋል፤ ተራኪውም ካረፈ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። መጽሐፉ በተከፈተ፣ ካሴቱም በዞረ ቍጥር ግን በዛብህ ትምህርቱን እንደገና ይጀምራል።

ሠ. ድርሰት

ስለሚወደድ ነገር የሚጽፍ ተማሪ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው ውዳሴ በማብዛት ነው። «እጅግ ድንቅ ነው፤ አቻ የለውም» የሚሉት አነጋገሮች የጸሓፊውን ስሜት እንጂ የነገሩን ባሕርይ አያስረዱም። አንባቢን የሚያሳምነው ተጨባጭ ነገር ነው። በምንባቡ ውስጥ «አያቴ እማማ ትረካውን ከልባቸው ይወዱ ነበር» ከሚለው ይልቅ «ውይ፣ ልጄን!» የምትለው አጭር ቃል ፍቅራቸውን አጕልታ ታሳያለች።

ድርሰታችሁን በሚከተለው ቅደም ተከተል አዘጋጁ፦
መግቢያ፦ የሥራውን ርእስ፣ ደራሲውንና የወጣበትን ዓመት ግለጹ።
ሐተታ፦ ሥራው ሳይረሳ የቈየበትን ምክንያት ዘርዝሩ። ሰዎች አብረው ሰሙት ወይስ ለየብቻቸው? ቀጣዩን ክፍል እንዴት ይጠብቁ ነበር? ሥራው እንዳይጠፋ የጠበቀው ማን ነው?
ንጽጽር፦ ከሌላ ቦታ ወይም ከሌላ ዘመን አንድ ምሳሌ አምጡና የሚመሳሰሉበትን አሳዩ፤ የሚለያዩበትንም አትደብቁ። ለምሳሌ ትረካው ከመጽሐፍ የተወሰደና ፍጻሜው አስቀድሞ የታወቀ ነበር፤ የአሜሪካው ድራማ ግን እየታየ የሚጻፍ ነበር።
መደምደሚያ፦ ከተናገራችሁት ማስረጃ የሚገኘውን አንድ ሐሳብ በአጭሩ ግለጹ።

ረ. መልመጃ

1. በሚከተሉት ዐረፍተ ነገሮች ውስጥ ተስማሚውን ግስ ምረጡ፤ የመረጣችሁበትንም ምክንያት ተናገሩ።
ሀ) ጎረቤታችን አርፈዋል፤ በሕይወት ሳሉ ራዲዮ (ያዳምጣሉ፣ ያዳምጡ ነበር)።
ለ) ካሴቱ ከ40 ዓመት በፊት የተቀዳ ቢሆንም እስከ ዛሬ (ይሠራል፣ ይሠራ ነበር)።
ሐ) እኔ ወደ ቤት ስደርስ የዕለቱ ትረካ (አልቆ ነበር፣ ያልቃል)።
2. «አያቶቼ ይወዱ ነበር» የሚለውን ሐረግ አንዱ በሕይወት ያሉ፣ አንዱ ያረፉ መሆናቸውን በሚያሳይ መንገድ በሁለት ልዩ ልዩ ዐረፍተ ነገሮች ጻፉ።
3. በቤታችሁ ወይም በጎረቤታችሁ የሚገኙ አንድ አዛውንት በወጣትነታቸው ይወዱት ስለ ነበረ ትረካ፣ ዘፈን ወይም ድራማ ጠይቁ። መልሳቸውን በራሳቸው አነጋገር ከመዘገባችሁ በኋላ ከ200 እስከ 250 ቃላት ያለው አስረጂ ድርሰት ጻፉ። ጽፋችሁ ስትጨርሱ ለመምህራችሁ ከመስጠታችሁ በፊት ለእርሳቸው አንብቡላቸው፤ ግሶቻችሁ በትክክለኛው ጊዜ መሆናቸውን ከማንም ይልቅ የሚያውቁት እርሳቸው ናቸው።