ስሙን የተነጠቀ ቡድን፦ ቅዱስ ጊዮርጊስ ከ1928 እስከ 1936 ዓ.ም.

ባለፈው ሴሚስተር በክፍል ውስጥ የማቀርበውን የጽሑፍ ርዕስ ስናገር ጓደኞቼ ሳቁብኝ። «ኳስም ታሪክ ሆነ እንዴ?» ያለኝም ነበር። ርዕሴ የቅዱስ ጊዮርጊስ ስፖርት ክለብ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነበር። የታሪክ ተማሪ፣ ያውም የላስታ ልጅ ሆኜ ስለ ዛጉዌ ነገሥታት አለመጻፌ ሳያስገርማቸው አልቀረም። በዚህ አጭር ጽሑፍ ለምን እንደመረጥኩት ለማስረዳትና ጉዳዩን በመጠኑ ለመዳሰስ እሞክራለሁ።

ነገሩ የሚጀምረው ከአገሬ ነው። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በማይጨው ጦርነት ከተሸነፍን በኋላ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ወደ አዲስ አበባ ሲመለሱ መንገዳቸውን ወደ ላሊበላ አዙረው በአብያተ ክርስቲያናቱ ጸሎት አድርሰዋል። ወሩ ሚያዝያ ነበር፤ ጠላትም ወደ ደሴ እየገሰገሰ ነበር። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ነው ያደግሁት። ኮሌጅ ገብቼ ስለዚሁ ዓመት ሳነብ ግን ያላሰብኩት ነገር ገጠመኝ። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር፣ ጦሩ ወደ ሰሜን ዘምቶ ሳለ፣ አዲስ አበባ አራዳ ላይ አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ የኳስ ቡድን መሠረቱ። ስሙንም ቅዱስ ጊዮርጊስ አሉት። አራዳ ላይ ሆኖ ጊዮርጊስ ያለ ሰው የትኛውን ደብር ማለቱ እንደሆነ ለማንም ግልጽ ነው።

በዚያ ጭንቅ መሐል ኳስ ምን ያደርጋል? መጀመሪያ እኔም እንዲሁ ነበር ያልኩት። መልሱን ለማግኘት የረዳኝ ግን መጽሐፍ ሳይሆን እኛ አገር የሚጫወቱት ገና ነው።

ገናን የማያውቅ አንባቢ ይኖራል ብዬ አልገምትም፤ ቢሆንም የከተማ ልጆች በቴሌቪዥን ብቻ ስለምታዩት ትንሽ ልበል። እኔ የተወለድኩት ከላሊበላ ከተማ ወጣ ብሎ ካለ መንደር ነው። በበዓሉ ጠዋት ካህናቱ በቤተ ማርያም ዙሪያና ከላይ በማሜ ጋራ ላይ ሆነው ቤዛ ኩሉን ያሸበሽባሉ። ከዚያ በኋላ ደግሞ ሜዳው የጎረምሶች ነው። ጫፉ የቆለመመ ዱላ ይያዛል፣ እሩሯ መሐል ላይ ትጣላለች፣ ከዚያ ወዲያ ግፊያ ነው። የተጫዋች ቁጥር አይወሰንም፤ የመጣ ሁሉ ይገባል። የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር፣ ወይም ያገባና ያላገባ ተብሎ ይከፈላል። ዳኛም የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። በዚያ ቀን አሽከር ጌታውን ቢመታ እንኳ ጌታ አይቆጣም ይባላል። ያሸነፈው ወገን የተሸነፈውን በግጥም ሲሞልጨው ያመሻል፣ በማግስቱ ሁሉም ወደ ሥራው ይሄዳል። እኔ ራሴ የግራ ቁርጭምጭሚቴ ላይ የገና ምልክት አለኝ፤ ማን እንደመታኝ ግን እስከ ዛሬ አላውቅም።

ታዲያ በታኅሣሥ 1928 በእኛ መንደር ማን አሸነፈ ቢባል የሚመልስ የለም። የላይ ሰፈር ቡድን ማለት ያን ቀን ከላይ ሰፈር የመጣ ሰው ሁሉ ነው፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ቡድኑም ያበቃለታል። ክለብ ግን ከዚህ ይለያል። ስም አለው፣ መለያ አለው፣ ዛሬ ቢሸነፍ ለሚቀጥለው ጨዋታ በዚያው ስም ይመለሳል። የውድድር ዘመን የሚባለው ነገር የሚኖረው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። አንድ ስም ከጨዋታ ወደ ጨዋታ ካልተሻገረ የሚቆጠር ነገር የለም። በእኔ አስተያየት የአራዳ ልጆች ያደረጉት ትልቁ ነገር ይኼ ነው፤ ኳስ መምታትማ ማንም ይመታል።

ይህንን ከእኛ በተሻለ የተረዳው ደግሞ ጠላት ነው። ጣሊያን ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ቡድኑ ገና የአምስት ወር ጨቅላ ነበር። ወራሪው ኳሱን አልከለከለም፤ ይልቁንም ለየው። ነጭና «ተወላጅ» አብሮ እንዳይጫወት ተደረገ፣ ለአበሻ ቡድኖችም ለብቻቸው ውድድር ተዘጋጀላቸው። ይህ ከጊዜው ሕግ ጋር የሚሄድ ነው። ሚያዝያ 1929 ዓ.ም. የወጣው የሮም ድንጋጌ ጣሊያናዊ ከአፍሪካዊት ጋር እንደ ባልና ሚስት መኖሩን በእስራት የሚያስቀጣ አድርጎት ነበር፤ ጎጆን የለየ መንግሥት ሜዳን ቢለይ አይደንቅም።

ቅዱስ ጊዮርጊስ ደግሞ ስሙን ተነጠቀ። «ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር» እንዲባል ተገደደ። ሊቶሪዮ የሚለው ቃል የመጣው ከፋሺስቱ ፓርቲ ዓርማ፣ ማለትም መጥረቢያ ከታሰረበት የዘንግ ጥቅል ስያሜ ነው። አስቡት እንግዲህ፤ ተጫዋቾቹ ያው ናቸው፣ ሰፈሩም ያው ነው፣ የተቀየረው ስሙ ብቻ ነው። የእኛን መንደር የገና ቡድን ስም ልቀይር ብሎ የመጣ ጣሊያን ቢኖር ኖሮ ግን የሚቀይረው ነገር ባጣ ነበር።

በ1933 ዓ.ም. ነፃነት ሲመለስ ስሙም ተመለሰ። ፌዴሬሽን ተቋቁሞ በ1936 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሻምፒዮና ተካሄደ። ተወዳዳሪዎቹ አምስት ብቻ ነበሩ፤ ሁሉም ከአዲስ አበባ። የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፣ የእንግሊዝ ወታደራዊ ተልዕኮ ቡድንና ቅዱስ ጊዮርጊስ። ዋንጫውን የወሰዱት እንግሊዞቹ ናቸው። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ያፍራል፤ በክፍል ሳቀርብም «ታዲያ ምኑን ጻፍከው?» ተብያለሁ። እኔ ግን የምመለከተው የስሞቹን ዝርዝር ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ከነጭ ጋር አንድ ሜዳ እንዳይረግጥ የተከለከለ ቡድን በራሱ ስም፣ ያውም ከጣሊያኖቹ ቡድን ጋር በአንድ ሰንጠረዥ ላይ ተጽፏል። ጊዮርጊስ ለሻምፒዮንነት እስከ 1942 ዓ.ም. መጠበቅ ነበረበት።

ከዚያ ትውልድ በስሙ የሚታወቀው ይድነቃቸው ተሰማ ነው። አባቱ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ጀርመን አገር ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹት ናቸው። (የአባትየው ጉዳይ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይወጣዋል።) ልጁ በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት የተማረ ሲሆን ከጊዮርጊስ በቀር ለሌላ ክለብ ሳይሰለፍ እስከ 1950ዎቹ መባቻ ተጫውቷል። በጥር 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ አሠልጣኙ እሱ ነበር፤ ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮም እስከ ዕለተ ሞቱ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆኖ አገልግሏል።

ይህን ጽሑፍ ጀምሬ ሳልጨርስ ለገና አገር ቤት ገብቼ ነበር። ልጆቹ ሜዳ ላይ እንደ ጥንቱ ለሁለት ሲከፈሉ ቆሜ አየሁ። አንደኛው ወገን «እኛ ጊዮርጊስ ነን» አለ፣ ሌላኛው ወዲያው «እኛ ቡና» ብሎ መለሰ። ዱላው ያው የወይራ ዱላ ነው፣ እሩሯም ያቺው ናት። ጊዮርጊሶቹ ተሸነፉ፤ እስኪመሽም በግጥም ተሞለጩ።