የድሆች መጦሪያ ቤቶች በእንግሊዝ አገር

ሰው ሲያረጅ ጉልበቱ ይደክማል። ሞፈር መጨበጥ፣ እንጨት መልቀም፣ ውሃ መቅዳት ያቅተዋል። ልጅ ያለውን ልጁ ይጦረዋል። ጧሪ ቀባሪ የሌለውስ ምን ይሁን? በዚህ ትምህርት የእንግሊዝ አገር ሰዎች ለዚህ ጥያቄ ከብዙ መቶ ዓመታት ጀምሮ የሰጡትን አንድ መልስ እናያለን። ይኸውም ለድሆች ሽማግሌዎችና አሮጊቶች የተሠራ መጦሪያ ቤት ነው። ዓመታቱን የምንጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ቤቶቹ እንዴት ተሠሩ?

ከጥንቶቹ ቤቶች ብዙዎቹ አንድ ትልቅ አዳራሽ ነበሩ። አልጋዎቹ በግራና በቀኝ ግድግዳ ሥር ይደረደራሉ። በምሥራቅ በኩል ጸሎት ቤት አለ። በሽተኛው ከአልጋው ሳይነሣ ቅዳሴውን ይሰማል። በቺችስተር ከተማ ያለው የቅድስት ማርያም ቤት እንዲህ ያለ ነው። የተሠራው በ13ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ሲሆን እስከ ዛሬ ቆሟል።

ነገር ግን በአንድ አዳራሽ ሲኖሩ አንዱ ሲያስል ሌላው አይተኛም። ገበናን የሚሸፍን ጓዳ የለም። ስለዚህ እየቆየ ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ ክፍል ይሠራለት ጀመር። በ1437 አሊስ ቾሰር የምትባል ባለጸጋ ሴትና ባሏ ዊልያም ዴ ላ ፖል፣ ዩኤልም በምትባል መንደር ለ13 ድሆች ቤት አቋቋሙ። ክፍሎቹ በአንድ አራት ማዕዘን ግቢ ዙሪያ ተሠሩ። ከግቢው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚያደርስ ደረጃ አለ። እንግሊዝ ብርዳም አገር ነው። የራስ በርና የራስ ምድጃ ማግኘት ለአንድ ሽማግሌ ትልቅ ነገር ነበር።

ወጪውን የሚሸፍነው ማን ነበር?

ቤት ሠርቶ መሄድ ብቻውን አይበቃም። ጣሪያው ያረጃል፤ ነዋሪው ምግብና ልብስ ይፈልጋል። ስለዚህ ቤቱን የሚያቋቁመው ሰው መሬትም ይሰጣል። የዩኤልሙ ቤት የሦስት ርስቶች ገቢ ተሰጥቶት ነበር። መሬቱን የሚያርሰው ገበሬ ግብር ይከፍላል፤ ድሆቹ በዚያ ይኖራሉ። በሰነዱ ላይ የተጻፈው የባለጸጎቹ ስም ነው። ዳቦው ግን የመጣው ከገበሬው ላብ ነው።

ነዋሪዎቹም ግዴታ ነበረባቸው። ቤቱን ላቋቋመው ሰው ነፍስ በየቀኑ ይጸልያሉ። የታዘዘላቸውን ልብስ ይለብሳሉ። ባለጸጋው ለድሃው ቢያዝንም፣ የራሱንም ጽድቅ ያስብ ነበር።

ከ1536 እስከ 1540 ባለው ጊዜ ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ገዳማቱን ዘግቶ መሬታቸውን ወሰደ። በእነሱ ሥር የነበሩ ብዙ የድሆች ቤቶችም አብረው ጠፉ። ከዚያ በኋላ መኳንንትና ነጋዴዎች አዳዲስ ቤቶች አሠሩ። ለምሳሌ በ1571 ሮበርት ደድሊ የተባለ መኰንን በዎሪክ ከተማ ለ12 አሮጌ ወታደሮች መጦሪያ አቋቋመ።

የድሆቹ ገንዘብ የት ገባ?

በዊንቸስተር ከተማ አጠገብ የቅዱስ መስቀል ቤት የሚባል አለ። በ1130ዎቹ ዓመታት ያቋቋሙት ጳጳሱ ሄንሪ ዘ ብልዋ ናቸው። በቤቱ 13 ድሆች እንዲኖሩ፣ ሌሎች 100 ድሆች ደግሞ በየቀኑ ምሳ እንዲበሉ አዘዙ። ዛሬም በዚያ የሚያልፍ መንገደኛ ከጠየቀ ቁራሽ ዳቦና ጥቂት ቢራ ይሰጠዋል።

ይህ ቤት ብዙ ገቢ ነበረው። በ1808 የዚያ አገር ጳጳስ የገዛ ልጃቸውን ፍራንሲስ ኖርዝን የቤቱ አስተዳዳሪ አድርገው ሾሙ። ሰውየው ከ40 ዓመት በላይ በሹመቱ ቆየ። ከሚገባው ገንዘብ ትልቁን ድርሻ ወደ ራሱ ኪስ አደረገ፤ ለድሆቹ የደረሳቸው ጥቂት ነበር። በመጨረሻ ነገሩ ይፋ ወጣና ፍርድ ቤት ቀረበ። በ1853 ተፈረደበት፤ በ1855 ሹመቱን ለቀቀ። ለቤቱም አዲስ ደንብ ወጣለት። በዚያው በ1853 እንዲህ ያሉ የበጎ አድራጎት ንብረቶችን የሚመረምር የመንግሥት ኮሚሽን በሕግ ተቋቋመ።

እንግዲህ ምን እንማራለን?

ዛሬም በብሪታንያ ከ30,000 በላይ ሰዎች በእንዲህ ያሉ ቤቶች ይኖራሉ። አንዳንዶቹ ቤቶች ለዘመናት የቆዩት ድንጋያቸው ጠንካራ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ቋሚ ገቢ ስለነበራቸው ነው። ገቢውም ቢሆን የሚቆጣጠረው ከሌለ ለድሃው አይደርስም። የቅዱስ መስቀል ቤት ግድግዳ አልፈረሰም ነበር፤ የጎደለው ሒሳቡን የሚጠይቅ ሰው ነው። እኛም ለጋራ ጥቅም ገንዘብ ስናዋጣ፣ ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ፣ ለማን ደረሰ ብለን እንጠይቅ። መዝገቡንም ራሳችን እናንብብ። ማንበብ የተማርነው ለዚህም ጭምር ነው።

ጥያቄዎች

1. የጥንቱ አዳራሽ ከኋለኞቹ ቤቶች በምን ይለያል?
2. የዩኤልም ድሆች የሚኖሩበት ገቢ ከየት ይመጣ ነበር?
3. በቅዱስ መስቀል ቤት ምን ጥፋት ተፈጸመ? እንዴትስ ታረመ?
4. በአካባቢያችሁ ጧሪ የሌላቸው አረጋውያን እንዴት ይኖራሉ? ተወያዩበት።